ከማደያው ሥር ያለው አፈር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ከጉና ተራራ ሥር ባለው አገር ስለ አፈር መናገር ማለት ብዙውን ጊዜ ስለ አፈር መታጠብ መናገር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ወደ ጣና ሲወርዱ ሁላችንም በዓይናችን እናያለን። ገበሬው እርከን ይሠራል፤ ባለሙያው ይመክራል፤ ጋዜጣውም ይጽፋል። በሽታው የሚታይ በሽታ ስለ ሆነ ተቆርቋሪ አላጣም። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን የማይታየውን ነው። ይኸውም በነዳጅ ማደያ፣ በጋራዥ፣ በመንገድ ሥራ ካምፕና በድሮ የመብራት ሞተር ቤት ግቢ ተቀብሮ የሚኖር የነዳጅ ታንከር ሲያፈስ በአፈሩና በከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጉዳቱ መኖሩና አለመኖሩስ በምን ዘዴ ይመረመራል?

ሐሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ልንገራችሁ። የተቀበረ ነገር በወሬ አይታወቅም፤ በመለካት ይታወቃል። ልኬቱም ገና ውሃው ሳይበላሽ መጀመር አለበት። አብዛኛው ሥራ ደግሞ ከእኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ አይደለም።

ደብረ ታቦር ለኢንዱስትሪ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያስጣሉት ከከተማዋ አጠገብ በጋፋት ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ ሲራገፍ የሚተርፈው ከሰልና አመድ ነበር። የዘመናችን ሥራ ግን በነዳጅ የሚንቀሳቀስ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የጭነት መኪናው በዝቷል፤ መኪናው በሚቆምበት ሁሉ ማደያ ተተክሏል። ማደያ ባለበት ሁሉ ደግሞ ከሲሚንቶው ወለል በታች የተቀበረ ታንከር አለ። ላዩን የምናየው ቀለም የተቀባውን መቅጃ ነው፤ ዋናው ዕቃ ግን መሬት ውስጥ ነው።

ታንከሩ ስለምን ያፈሳል? መልሱ ቀላል ነው። ብረት በርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል። መከላከያ ሳይለብስ የተቀበረ ብረት ከአፈሩ እርጥበትና ጨው ጋር ሲገናኝ በላዩ ላይ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ብረቱም በነጠብጣብ በነጠብጣብ ይበላል፤ በመጨረሻም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ይከፈታል። የቧንቧ መጋጠሚያ ይላላል። ከቦቴ ሲገለበጥም ሞልቶ የሚፈስ አለ። ከዚህም በላይ የእኛ አገር ዋልካ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በዚህ ማበጥና መሰንጠቅ መካከል የተቀበረ ቧንቧ በየዓመቱ ይገፋል፣ ይጎተታል። ታንከር ሲቀበር ዙሪያውን በአሸዋ መሙላት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የሽንቁሩን ትንሽነት አትናቁ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ የሚያፈስ ታንከር እንውሰድ። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በቀን ከአራት ሊትር በላይ ይፈሳል፤ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ፣ ማለት ወደ ስምንት በርሜል ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ላዩ ደረቅ ነው። ባለማደያው አያይም፤ ጎረቤቱም አያይም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነዳጁም እንደዚሁ ነው።

ጠብታው ከታንከሩ ከወጣ በኋላ አራት መልክ ይይዛል። አንዱ ክፍል በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሁለተኛው ተንኖ በአፈሩ ክፍተት ውስጥ ይሄዳል፤ ይህ እንፋሎት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ምድር ቤትና ወደ ፍሳሽ ቦይ ይሰበሰባል፤ እሳት ካገኘም ይፈነዳል። ሦስተኛው ወርዶ ወርዶ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ ሲደርስ ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። አራተኛው፣ መጠኑ ከሁሉ የሚያንሰው፣ በውሃው ውስጥ ይሟሟል። ሩቅ የሚጓዘውና ሰውን የሚጎዳው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ መርዙን ይዞ ይሄዳል።

ይህ ነገር በደጋው አገራችን እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ከእግራችን በታች ያለው ዐለት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ባዛልት ነው። ጉና ራሱ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልት ሳይሰነጠቅ ውሃ አያስገባም፤ ሲሰነጠቅ ግን ስንጥቁ ለውሃ እንደ ቦይ ይሆንለታል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከታች ጠንካራ ንብርብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄድና ከገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የገጠሩ ሰው የሚቀዳው ይህን ምንጭ ነው፤ የከተማው ዳር ነዋሪም በእጅ የቆፈረውን ጉድጓድ ይጠቀማል። በአሸዋማ አገር የተበከለ ውሃ እኩል እየሰፋ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ ግን በአንድ ስንጥቅ ተከትሎ ባልታሰበ ቦታ፣ ባልታሰበ ፍጥነት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከማደያው አጠገብ ያለው ጉድጓድ ደኅና ሁኖ ራቅ ብሎ ከቁልቁለቱ ያለው ምንጭ ቢበከል የሚያስገርም አይሆንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ። ቤንዚን በውስጡ ቤንዚን ከሚባለው ነዳጅ የተለየ፣ ስሙ ግን የሚቀራረብ፣ ቤንዚንን የመሰለ ንጥረ ነገር አለው፤ ሊቃውንቱ «ቤንዚይን» ይሉታል። ይህ ንጥረ ነገር የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ቤንዚይን ያለበት አንድ ሊትር ነዳጅ ወደ 8.8 ግራም ቤንዚይን ይይዛል። ይህንን ለ10 ማይክሮግራም ብታካፍሉት 880,000 ይመጣል። እንግዲህ ያ ሁሉ ቢሟሟ፣ አንድ ሊትር ነዳጅ 880,000 ሊትር ውሃ ከመመሪያው ልክ ላይ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። በእውነቱ ሁሉም አይሟሟም፤ ከፊሉ ይተናል፤ ከፊሉንም ረቂቅ ነፍሳት ይበሉታል። ቢሆንም በዓመት ስምንት በርሜል ያልሁትን ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ስሌት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 በናይጄርያ በኦጎኒላንድ ያደረገውን ምርመራ ሲያወጣ፣ ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለ መንደር በነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ አጠገብ ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያገኘው ቤንዚይን ከዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ከ900 ጊዜ በላይ የበለጠ ነበር። በአካባቢው በከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ ተገኝቷል። በአሜሪካም የሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የውሃ ጉድጓዶቿን ለመዝጋት ተገዳለች፤ ምክንያቱም ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. የተባለ በቤንዚን ላይ የሚጨመር ቅመም ከማደያ ታንከሮችና ከቧንቧዎች አፈትልኮ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከተማዋ የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል አጥታ ከሌላ ቦታ ለመግዛት በቅታለች። አሜሪካ በተቀበሩ ታንከሮች ላይ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ዝርዝሩ ደንብ በ1988 ወጣ፤ አሮጌዎቹን ለማደስ ወይም ለማውጣት እስከ 1998 መጨረሻ ጊዜ ተሰጠ። ከሕጉ መውጣት ወዲህ ያፈሰሱ ሆነው የተመዘገቡት ከ500,000 በላይ ናቸው። ሀብታም አገር እንኳ አስቀድሞ ስላልለካ ለመጥረግ ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶበታል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይደረጋል? በአምስት ደረጃ ልከፍለው እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ታሪክ መጠየቅ ነው። ታንከሩ የት ተቀበረ? መቼ? ምን ነበረበት? ዛሬ ሱቅ ወይም መኖሪያ ቤት የሆነ ቦታ ዱሮ የመብራት ሞተር ወይም የመኪና ማቆሚያ ነበረን? ይህንን የሚያውቁት የማዘጋጃ ቤት መዝገብና ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዕርና ትዕግሥት ብቻ ነው። በተለይ ከአሮጌ ቦታ ላይ የእርሳስ ነገር አለ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተዉት እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የፈሰሰው ቤንዚን እርሳሱን በአፈሩ ውስጥ ትቶታል። ነዳጁን ረቂቅ ነፍሳት ሊበሉት ይችላሉ፤ እርሳስን ግን የሚበላ የለም።

ሁለተኛው ሒሳብ ማስተያየት ነው። ባለማደያው በየጧቱ በመለኪያ ዘንግ ታንከሩን ይለካል። ትናንት የነበረው፣ ከቦቴ የተቀበለው፣ በመቅጃው የሸጠው፣ ዛሬ የቀረው፤ እነዚህ አራት ቁጥሮች መስማማት አለባቸው። በየዕለቱ ትንሽ ልዩነት አይጠፋም፤ ነገር ግን ልዩነቱ ወር በወር ወደ ጉድለት ብቻ ካዘነበለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ የአገራችንን የአየር ጠባይ መርሳት አይገባም። ነዳጁ በጂቡቲ ገብቶ በአፋር ቆላ አልፎ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ደብረ ታቦር ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ስለሚኮማተር 10,000 ሊትር ጭነት በአሥር ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 100 ሊትር ይጎድላል። ይህ ፍሳሽ አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። ይህንን ሳያስተውል ሾፌሩን «ሌባ» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ታንከሩ ሲያፈስም «ቅዝቃዜ ነው» እያለ የሚተኛ ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም የሚያድነው ቴርሞሜትር ነው።

ሦስተኛው እንፋሎቱን መፈለግ ነው። በታንከሩ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል የሚገቡ ጠባብ ቀዳዳዎች ተበስተው ከአፈሩ የሚወጣው አየር በመሣሪያ ይለካል፤ ቁጥሩ በካርታ ላይ ሲጻፍ ፍሳሹ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁማል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ይህ ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ያለ መምህርና እሳት አጠገብ አይሠራም። ማንም ሰው ወደ ታንከር ውስጥ አይግባ፤ እንፋሎቱ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም።

አራተኛው አፈሩን ማውጣት ነው። በእጅ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ከተለያየ ጥልቀት አፈር ይወጣል። ከታንከሩ ጎን ብቻ ሳይሆን ከዳገቱ በኩል፣ ነዳጅ ሊደርስበት ከማይችል ቦታም መወሰድ አለበት፤ አለዚያ የምናስተያይበት አይኖረንም። ናሙናው በብርጭቆ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ስሙና ጥልቀቱ ተጽፎበት፣ በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በዚያም በጋዝ ክሮማቶግራፍ ይመረመራል። በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ቤንዚይኑ ስለሚተን «ንጹሕ ነው» የሚል ውሸት ይናገራል። የተሳሳተ ናሙና ከመያዝ ምንም አለመያዝ ይሻላል።

አምስተኛው የውሃውን አቅጣጫ ማወቅ ነው። ለዚህ ሦስት ጉድጓዶች ይበቃሉ። የሦስቱ የውሃ ከፍታ በደንብ ከተለካ፣ በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው፣ ሦስት ነጥብ አንድ ጠለል ይወስናል፤ ጠለሉ የሚያዘነብልበት ወገን ውሃው የሚሄድበት ነው። በተሰነጠቀ ዐለት ላይ ይህ ዘዴ ብቻውን አያስተማምንም፤ ስለዚህ በዚያ ወገን ያሉትን ምንጮች ሁሉ በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ መመርመር ያስፈልጋል።

ፍሳሹ ከተገኘ መድኃኒቱ የለም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ታንከሩ ባዶ ይደረጋል፤ ምንጩ ሳይቆም የሚደረግ ጠረጋ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያ በኋላ የተበከለው አፈር ተቆፍሮ፣ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ተነጥፎለት፣ ስስ ሁኖ ይሰጣል፤ እርጥበትና አየር እንዲያገኝ ይገላበጣል፤ ፍግ ወይም ዩሪያ ይጨመርበታል። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነዳጁን ምግብ ያደርጉታል። ጥልቅ ከሆነ እንፋሎቱን በመሳቢያ ከመሬት ማውጣት ይቻላል። የሁሉም ወጪ ግን ሽንቁሩ በታወቀበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶች ለዚህ የተናገሩ ይመስላል።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ ልመልስ። አንዳንዱ «ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው፤ እኛ ገና ንጹሕ ውሃ ለሁሉም አላዳረስንም» ይላል። እኔ ደግሞ ስለዚሁ ነው እላለሁ። ሳንታ ሞኒካ ውሃዋ ሲበላሽ ከሌላ ገዛች፤ የጋይንት ወይም የፋርጣ መንደር ምንጩ ቢበላሽ ከማን ይገዛል? አማራጭ የሌለው ሰው ያለውን ይበልጥ መጠበቅ አለበት። ሌላው «የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው፤ ነዳጁ ይቀራል» ይላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ እውነት ነው። ነገር ግን ነዳጁ ሲቀር ታንከሩ አብሮ አይጠፋም። ባለቤቱ የለቀቀው፣ ማንም በዘንግ የማይለካው፣ ላዩ ላይ ቤት የተሠራበት ታንከር ከሚሠራው ይልቅ ያሰጋል። ሦስተኛው «ነጋዴውን ማሸበር ነው» ይላል። ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ያለ ልኬት በአንድ ሰው ማደያ ላይ «ውሃችንን መረዘ» የሚል ወሬ ቢነዛ ያ ሰው ያለ ኃጢአቱ ይከስራል። ስለዚህ ልኬቱ ነጋዴውንም ይጠብቀዋል። ደግሞስ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣው ነዳጅ መሬት ውስጥ ሲፈስ የመጀመሪያው ከሳሪ ማን ነው? ራሱ ባለማደያው ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ ማስረጃ ይፈልጋል። ብክለቱ ከመምጣቱ በፊት ውሃው ምን እንደ ነበር የተጻፈ ነገር ከሌለ ዳኛው በምን ይፈርዳል? የበከለውም «ዱሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ያመልጣል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ በከተማችንና በመንገዱ ዳር የሚገኙትን፣ የሚሠሩትንም የተዘጉትንም፣ የተቀበሩ ታንከሮች የሚያሳይ መዝገብና ካርታ እናዘጋጅ፤ የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። ሁለተኛ፤ ከእነዚህ ቦታዎች በታች ያሉትን ምንጮችና ጉድጓዶች የኬሚስትሪ ተማሪዎች በክረምትና በበጋ ይመርምሩ፤ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ይጻፍ፤ የዛሬው ንጹሕ ቁጥር ለነገው ምስክር ነው። ሦስተኛ፤ ውጤቱ በመጀመሪያ ለባለቤቱና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገር እንጂ በየሻይ ቤቱ አይወራ። ሥራችን መክሰስ ሳይሆን ማወቅ መሆኑን ሰው ካመነ በሩን ይከፍትልናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛን ያስተማረን ይህ ከምንጭ የሚቀዳ ሕዝብ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለማግኘት ሩቅ አገር የምንመለከት አለን፤ ከግቢያችን በር ወጥተን ቁልቁል ብንሄድ ግን ማንም ያልለካው ውሃ እናገኛለን። መሰርሰሪያው ከብረት ሠራተኛ ይሠራል፤ ብርጭቆው ከላቦራቶሪያችን አለ፤ ሽማግሌዎቹም ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን ዙር እንጀምር ብዬ እጠይቃለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።